መርዶ ያልተነገረበት ቤት

አንባቢ ሆይ፤ በአገራችን የሐዘን በር የሚከፈተው በመርዶ መኾኑን ያውቃሉ። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ወደ ቤቱ ይሄዳሉ፤ ቃሉ ይነገራል፤ ጩኸት ይሰማል፤ ድንኳን ይተከላል። ከዚያ በኋላ ሠልስቱ፥ አርባውና ሙት ዓመቱ በየተራቸው እየመጡ ሐዘንተኛውን ከለቅሶ ወደ ሥራው ይመልሱታል። መርዶ ነጋሪ ያልመጣበት ቤትስ እንዴት ይኾናል?

ደራሲው በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የተባለውን መጽሐፋቸውን በ1975 ዓ.ም. አሳተሙ። መጽሐፉ ታገደ፤ እርሳቸውም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከነበራቸው ከፍተኛ ሹመት ተነሡ። በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. አንድ ቀን ከቤታቸው እንደ ወጡ ቀሩ። መኪናቸው በቃሊቲ በኩል ቆማ ተገኘች፤ የእርሳቸው መድረሻ ግን እስከ ዛሬ በርግጥ አልታወቀም።

የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ተወስደው ጠፉ። ዐፅማቸው የተገኘው መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። ወሬው ክፉ ነው፤ ቢኾንም ቤተ ሰቡ የሚቀብረውን አገኘ፤ ቆሞ የሚያለቅስበትም መቃብር አለው። የበዓሉ ቤተ ሰብ ይህንኑ እንኳ አላገኘም።

የልዩነቱን ክብደት ለመረዳት ወደ ጓዳ መግባት ያስፈልጋል። እናት ፍትሐት ይደረግለት እንዳትል፥ ልጅዋን በገዛ አፏ የገደለችው ይመስላታል፤ እንዳትተወው ደግሞ፥ ሞቶ ከኾነ ያለ ጸሎት መቅረቱ ያስፈራታል። ልብሱ አይሰጥም፤ አይለበስም። በሌሊት በር ሲንኳኳ የቤቱ ሰው ሁሉ ይነሣል። ፖሊን ቦስ የተባሉት አሜሪካዊት ሊቅ በቬትናም ጦርነት የጠፉ ወታደሮችን ቤተ ሰቦች መርምረው፥ ችግሩ ከነገሩ አለመታወቅ እንጂ ከሰዎቹ አእምሮ ድካም የመጣ አለመኾኑን አስረድተዋል። ስለዚህ «ቁርጥሽን ዕወቂ» የሚለው የጎረቤት ምክር፥ በቅን ልብ ቢነገርም፥ የሌለውን ቁርጥ መጠየቅ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ነገር የተለየ ክፍል አለው። አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ እንደ ኾነ፥ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ዳኞችን ሊጠይቅ ይችላል። ውሳኔው ሲጸና ጋብቻው ይፈርሳል፤ ወራሾቹም ንብረቱን ይረከባሉ። የጠፋው ሰው ቢመለስ ግን ሀብቱን ባለበት ኹኔታ መልሶ ይወስዳል። የሕጉ አዘጋጆች ይህን በር አለመዝጋታቸው፥ በእኔ አስተያየት፥ ትልቅ አስተዋይነት ነው። ኾኖም ሁለቱ ዓመት እስኪሞላ የቤት ኪራይ አይጠብቅም፤ የልጆችም ቀለብ አይቆምም። ዓመቱም ከሞላ በኋላ ማመልከቻውን የምትፈርመው ብዙ ጊዜ ሚስት ናት፤ ብዕሩን ስታነሣ በባልዋ ላይ የምትፈርድ ይመስላታል።

እርስዎ ምናልባት ይህ ማመልከቻ በጠረጴዛዎ ላይ የሚያልፍ ጸሐፊ ወይም የመዝገብ ሹም ይኾናሉ። በቅጹ ላይ «ያገባች» እና «ባልዋ የሞተባት» ከሚሉት ቃላት አንዱን ምረጪ ቢሏት ዝም ትል ይኾናል። ዝምታዋን እንደ እልኸኝነት አይቍጠሩባት። ወንበር ይስጧት፤ ባልዋ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ቀን ይጠይቋትና እርሱን ይጻፉላት። ያንን ቀን አትስተውም።