ከጥብጣብ ወደ ኮምፒዩተር

ከክፍለ ሀገር አውቶቡስ ተራ የደረሰ መንገደኛ ጓዙን ሲፈታ፣ ከበሶውና ከቅቤው መካከል በመሐረብ የተቋጠረች፣ ከክብሪት ቀፎ ጥቂት የምትበልጥ ካሴት ቢያወጣ፣ በውስጧ የወንድም ልጅ ሥርዓተ ተክሊል፣ የዘመድ እልልታ፣ ምናልባትም ዛሬ በሕይወተ ሥጋ የሌሉ አባት ምርቃት እንዳለ መገመት አያዳግትም። ሚኒ ዲቪ የተባለችው ይህች ካሴት በ1995 እ.ኤ.አ. ለዓለም ገበያ የቀረበች ስትሆን፣ 6.35 ሚሊሜትር በሚሰፋው ጥብጣቧ ላይ ምስልና ድምፅ ወደ አኀዝ ተለውጠው፣ በተለመደው አሠራር 60 ደቂቃ ያህል ይቀረጹባታል።

ቀረጻው ተቆራርጦ እንዲቀናበር ግን አስቀድሞ ወደ ኮምፒዩተር መግባት አለበት፤ ባለሙያዎቹም ይህን «ካፕቸር ማድረግ» ይሉታል። ካሜራው ወደ ማጫወቻ ይዞታ ይዞራል፤ ፋየርዋየር የተባለው ገመድ በባለ4 እግሩ ጫፍ ካሜራው ላይ፣ ብዙ ጊዜ በባለ6 እግሩ ጫፍ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ላይ ይሰካል፤ ከዚያ በኋላ የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት ሙሉ እየተጫወተ፣ 13 ጊጋባይት ያህል ቦታ እየያዘ ይገለበጣል። ፋት32 በተባለው አሮጌ ሥርዓት የተሰናዳ ዲስክ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል ስለማይቀበል፣ 20 ደቂቃ ሳይሞላ ሥራውን ያስተጓጉላል።

ይህን ሥራ ባየሁ ቁጥር የብራና ጸሐፊው ትዝ ይለኛል። እርሱ እናቲቱን መጽሐፍ ከፊቱ ዘርግቶ ቃል በቃል ሲገለብጥ፣ ዓይኑ ሲደክም መስመር ሊዘልል፣ ፊደል ሊገድፍ ይችላል፤ በፋየርዋየር ግን አኀዙ እንዳለ ስለሚጓዝ፣ ጥብጣቡ ጤነኛ እስከ ሆነ ድረስ ግልባጩ ከእናቱ አይለይም። ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ባለው ገመድ የሚገለብጥ ሰው ግን አኀዙን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ መልሶ እንደ ገና ወደ አኀዝ ስለሚለውጠው፣ ኅብሩ ይደበዝዛል፤ ችኩልነት ካልሆነ በቀር ይህን የሚያስመርጥ ምክንያት አይታየኝም።

የዚህ ግልበጣ ጠላቶች አቧራና የመብራት መቋረጥ ናቸው። አቧራ ሄድ የተባለውን፣ ጥብጣቡን የሚያነብበውን የካሜራውን ክፍል ሲያቆሽሸው ምስሉ በአራት ማዕዘን እየተሰባበረ ይወጣል፤ መብራት በመካከል ሲጠፋም ፋይሉ ሳይዘጋ ይቀርና ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ መጀመር ግድ ይሆናል። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ካሜራዎቹ እያረጁ፣ አዳዲሶቹም ኮምፒዩተሮች የፋየርዋየር ቀዳዳ ሳይኖራቸው መመረታቸው ነው፤ ካሴቱን በሳጥን ያኖረ ሁሉ ማጫወቻው ሳይጠፋ ሊያስገለብጠው ይገባል።

ከተገለበጠም በኋላ ካሴቱ ለሌላ ሠርግ እንዳይውል፣ በጀርባው ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ገፋ አድርጎ ቀረጻ እንዳይቀበል መቈለፍ፣ በላዩም የሙሽሮቹን ስምና ቀኑን መጻፍ ያስፈልጋል።