ደመወዝ የሌለው ሰው በአራዳ በምን ታምኖ ይበደራል?

ክሬዲት ካርድ በተስፋፋበት አገር ባንክ አስቀድሞ የሚጠይቀው አመልካቹ በየወሩ ከየት ምን ያህል እንደሚያገኝ ነው። ይህን በወረቀት ማስረዳት የማይችል ሰው ዕዳውን የሚከፍል ዐይነት ቢሆን እንኳ ከደጅ ይመለሳል። የአገራችን ባንኮች በብዛት የሚሰጡት ካርድ ደግሞ ባለቤቱ ያስቀመጠውን የራሱን ገንዘብ የሚያወጣበት ስለ ሆነ፥ ከብድር አይቆጠርም። ታዲያ በአራዳና በፒያሳ ሊስትሮው፥ ሱቅ በደረቴው፥ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው ሴት ሲቸግራቸው በምን ታምነው ይበደራሉ? ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ይህንኑ ለማስረዳት ነው።

አራዳ ለባንክ እንግዳ ሰፈር አይደለም። ከግብጽ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል የተቋቋመውና በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ሕንፃውን የሠራው በዚሁ በአራዳ ነበር። (ዛሬ በዚህ ስም የሚጠራው ባንክ ሌላ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።) ይሁን እንጂ ባንክ ቤት መያዣ ይፈልጋል፤ በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው ደግሞ ቤቱ የራሱ ስላልሆነ የሚያስይዘው የለውም።

የመጀመሪያው መንገድ ዱቤ ነው። በብዙ ሱቅ ግድግዳ ላይ «ዱቤ ነገ እንጂ ዛሬ የለም» የሚል ጽሕፈት ይታያል፤ ከጽሕፈቱ በታች ባለው መሳቢያ ውስጥ ግን የዱቤው ደብተር ተቀምጧል። ጽሕፈቱ ለመንገደኛ፥ ደብተሩ ለሰፈር ሰው ነው። በፒያሳ ያነጋገርኳቸው አንድ ባለሱቅ ደብተራቸውን ሲያሳዩኝ፥ ለየቤቱ አንድ ገጽ ተመድቦ፥ ስሙ ግን «የመንታዎቹ እናት»፥ «ባለ አረንጓዴው በር» የሚል ሆኖ አገኘሁት። የሚከፈልበት ቀን አልተጻፈም። «ቀኑንማ እኔ ዐውቀዋለሁ» አሉኝ። እንጀራ ሻጯ ቅዳሜ ማታ ትከፍላለች፤ ልጇ ከዐረብ አገር የምትልክላት ደግሞ ሐዋላው በደረሰ ማግስት። ባንክ ቋሚ ገቢ የለውም የሚለውን ሰው፥ ባለሱቁ ገቢው መቼ እንደሚመጣ ለይቶ ያውቃል።

ከዱቤ ከፍ የሚለው እቁብ ነው። እቁብን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የምንቆጥረው ከቁጠባ ነው፤ ይህም እውነቱን በግማሽ ብቻ መያዝ ነው። ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ 500 ብር ቢጥሉ ዕጣው 10,000 ብር ይሆናል። መጀመሪያ የወጣለት ሰው የራሱ 500 ብር ብቻ ስለ ሆነች 9,500 ብር ተበድሯል፤ በ19 ሳምንትም ይመልሳል። መጨረሻ የሚደርሰው ያንኑ ያህል ያለ ወለድ አበድሯል ማለት ነው። ወለድ ጨርሶ የለም ማለት ግን አይቻልም። የቸገረው አባል ዕጣ ለወጣለት ሰው፥ ለምሳሌ 300 ብር ሰጥቶ ተራውን ሲገዛው፥ ስሙ ባይነሣም ያው ወለድ ነው።

ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ዋስ ይጠራል። የእቁቡ ዳኛ የሚመርጠው ዋስ ዕጣው ገና ያልወጣለትን አባል ነው፤ ተበዳሪው ቢጠፋ የዋሱ ዕጣ በእጅ አለና። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 የዋሱ ኀላፊነት እስከ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚደርስ ካልተወሰነ ዋስትናው እንደማይጸና ይደነግጋል፤ በእቁብ ይህ ልክ ያልተከፈለው ቀሪ ነውና ማንም ቁጭ ብሎ ሊያሰላው ይችላል።

እንግዳን ማመን ምን ያህል እንደሚያስከፍል አሜሪካኖች አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ በፍሬዝኖ ከተማ ላልጠየቁት ሰዎች 60,000 ያህል የብድር ካርድ በፖስታ ላከ፤ ሳይከፍል የቀረውም ሰው ባንኩ ከገመተው እጅግ በዛ። በእኛም አገር ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ በ2014 ዓ.ም. «ቴሌብር መላ» የተባለውን ያለ መያዣ የሚሰጥ አነስተኛ ብድር ጀምሯል። እዚህ ዋሱ ስልኩ ነው፤ ሰውየው በስልኩ እንዴት ሲከፍልና ሲቀበል እንደ ኖረ ታይቶ ልኩ ይወሰናል። ነገሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቅዳሜ የሚገኘውን ጥሬ ገንዘብ ስልኩ አያየውም።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያና አጠገቡ ያሉ መንደሮች ሲፈርሱ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛወሩ። ስለ ምትክ ቤቱ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ደብተሩ ሲነሣ ግን አልሰማሁም። ባለሱቁ የገጾቹ ባለቤቶች ሲበተኑ ከፊሎቹ ተመልሰው ከፍለዋል፤ ከፊሎቹ አልመጡም። ከተዛወሩት አንዲት እናት «ቤቱስ ደኅና ነው፤ መጸዳጃው እንኳ ከውስጥ ነው። ነገር ግን ስኳር ወስጄ ነገ ልክፈል ማለት አልቻልኩም» አሉኝ። እቁባቸውን አልተዉም፤ በየእሑዱ ሁለት ታክሲ ይዘው ፒያሳ ይመጣሉ። በአዲሱ ሰፈር እቁብ ለመግባት ዋስ ያስፈልጋል፤ እርሳቸውን የሚያውቁ ደግሞ እንደ እርሳቸው የተዛወሩት ብቻ ናቸው።

በስምንተኛው ወር ግን ከዱሮው መንደር አብራ የመጣች ጎረቤት፥ ለአዲሱ ባለሱቅ ቀድማ የታወቀች፥ ዋስ ሆነችላቸው። እስከ 400 ብር ተፈቀደላቸው፤ ደብተሩ ላይም «ከፒያሳ የመጡት» ተብለው ተጻፉ።