ኢ-ሜይሉ ሳይከፈት የሚነበበው መስመር

ለውጭ ገዢዎች በኢ-ሜይል ዋጋ የሚያቀርብ ቡና ላኪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ርዕሱ ነው። ገዢው ግን መልእክቱን ሳይከፍት የሚያየው ሦስት ነገር ነው፤ የላኪውን ስም፣ ርዕሱንና ከርዕሱ ቀጥሎ የሚታየውን አጭር ጽሑፍ። ይህ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ አስታዋሽ የለውም።

ላኪው ካላዘጋጀው ጂሜይልና መሰሎቹ ከደብዳቤው መጀመሪያ ያገኙትን ይወስዳሉ። በዚህም የተነሣ ረጅም ሰላምታ ወይም «ምስሉ ካልታየ እዚህ ይጫኑ» የሚል ቃል ቦታውን ይይዘዋል። ርዕሱ «አዲስ ምርት ቡና» ካለ፣ ተከታዩ «ይርጋጨፌ የታጠበ፣ ደረጃ 1፣ 320 ኬሻ፣ ናሙና ዝግጁ ነው» ቢል ገዢው ለመክፈት ምክንያት ያገኛል። በስልክ ላይ ጽሑፉ ስለሚቆረጥ ዋናው ነገር መቅደም አለበት። ርዕሱን መድገም ቦታ ማባከን ነው፤ በደብዳቤው ውስጥ የሌለውን ተስፋ መስጠት ደግሞ ደንበኛ ያሸሻል።

የትኛው ጽሑፍ እንደሚሻል ለማወቅ የገዢዎችን ዝርዝር በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ርዕሱን ሳይለውጡ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ መላክ ይቻላል። ይሁን እንጂ «ተከፈተ» የሚለው ቁጥር ብቻውን አይታመንም። መከፈቱ የሚቆጠረው በደብዳቤው ውስጥ በተደበቀች ኢምንት ምስል ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው የግላዊነት ጥበቃ ግን ምስሎችን አስቀድሞ ስለሚጭን፣ ያልተነበበውም እንደ ተነበበ ሊቆጠር ይችላል። ለነጋዴው አስተማማኙ መለኪያ ምላሽ የጻፉና ናሙና የጠየቁ ገዢዎች ብዛት ነው።