ግራፍን የሚያናግረው ጽሑፍ

ግራፍን የሚያናግረው በላዩ የሚሰፍረው ጽሑፍ ነው። አንዱ ባር ከሌላው መብለጡን ዓይን ወዲያው ያያል፤ የምን ብልጫ፣ በምን መለኪያ፣ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ግን ካልተጻፈለት ሊያውቅ አይችልም።

የግንቦት 1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ጥሩ ማሳያ ነው። ያኔ የአዲስ አበባ ነዋሪ 2,739,551 ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 428,895ቱ የተቆጠሩት ሳንሱሲ የተባለችው ሰፈር በምትገኝበት በኮልፌ ቀራንዮ ነው። በጊዜው ከነበሩት አሥር ክፍለ ከተሞች ትልቁ ቁጥር ይህ ነው።

ይህን በባር ግራፍ የሚያሳይ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው የስሞቹ ርዝመት ነው። «ንፋስ ስልክ ላፍቶ»፣ «አቃቂ ቃሊቲ»፣ «ኮልፌ ቀራንዮ» ከቋሚ ባሮች ሥር ሲደረደሩ እርስ በርስ ይደራረባሉ። ብዙ ጊዜ ጽሑፉን በማዘንበል ይታለፋል፤ ያኔ ግን ችግሩ ወደ አንባቢው አንገት ይዛወራል። ባሮቹን አጋድሞ ስሞቹን በግራ በኩል ቀጥ አድርጎ መጻፍ እጅግ ይሻላል። ቅደም ተከተሉም ከፊደል ተራ ይልቅ በብዛት ቢሆን ኮልፌ ቀራንዮ ከላይ፣ የካ በ346,664 ቀጥሎ፣ አቃቂ ቃሊቲ በ181,270 ከሁሉም በታች ይቀመጣል።

ከዚያ የመለኪያው ጽሑፍ ይመጣል። በመስመሩ ላይ 100፣ 200፣ 300፣ 400 ብቻ ተጽፎ «የነዋሪ ብዛት (በሺህ)» የሚለው ከተረሳ፣ አንድ ክፍለ ከተማ አራት መቶ ሰው ብቻ ያለው ይመስላል። ማትፕሎትሊብን የመሰሉ የግራፍ መሥሪያ ፕሮግራሞች ቁጥሮቹ ሚሊዮን ሲያልፉ አባዢውን በመስመሩ ጫፍ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ያስቀምጡታል፤ ለኅትመት ሲያንስ ከዓይን ይጠፋል። ስለዚህ መለኪያውን ለፕሮግራሙ ከመተው በቃላት መጻፍ ይበጃል።

በየባሩ ጫፍ ቁጥሩን መጻፍ ሁልጊዜ አያስፈልግም። እዚህ ግን ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ንፋስ ስልክ ላፍቶ 316,283፣ ቦሌ 308,995 ነዋሪ ስለነበራቸው የሁለቱን ባሮች ልዩነት በዓይን መለየት ይከብዳል። ቁጥሮቹ ከተጻፉ በኋላ ግን ከጀርባ የሚዘረጉት የመለኪያ መስመሮች ትርፍ ስለሚሆኑ ቢነሡ ገጹ ይተነፍሳል።

ወደ አንድ ነጥብ በቀስት የሚያመለክት ማብራሪያም አለ። በኮልፌ ቀራንዮ ባር ላይ «ሳንሱሲ» ብሎ ቀስት መሳል ለሰፈሩ ነዋሪ ደስ ይላል፤ ነገር ግን 428,895 ሰው በሳንሱሲ ይኖር ነበር የሚል የተሳሳተ መረጃ ያስተላልፋል። «ሳንሱሲን ጨምሮ መላው ክፍለ ከተማ» ቢባል እውነቱ ይጠበቃል።

በኢትዮጵያ ግራፎች ላይ ከሁሉ የሚያሳስተው የዓመት አጻጻፍ ነው። ያው ቆጠራ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2007 ነው። «እ.ኤ.አ.» ካልተጨመረበት አንባቢው 2007 ዓ.ም. ብሎ ይወስደዋል፤ ቆጠራውንም ስምንት ዓመት ወደፊት ይገፋዋል። የወራት ግራፍም የራሱ ጣጣ አለው። የዝናብ መጠን ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በባር ሲታይ፣ ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ስላላት ባሯ ከነሐሴ ጎን ድንገት ትወድቃለች። አገሩን የማያውቅ ሰው ክረምቱ በአንድ ጊዜ ቀጥ ያለ ይመስለዋል። ከሥሯ «5 ቀን» ብሎ መጻፍ ወይም መጠኑን በቀን አማካይ ማሳየት ይህን ያስቀራል።

የፊደሉ ጉዳይ ደግሞ ብዙ ተማሪ ያስመረረ ነው። በማትፕሎትሊብ ውስጥ ያለ ምንም ማስተካከያ የሚሠራው ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው፣ «ኮልፌ ቀራንዮ» ተብሎ የተጻፈው በባዶ ሳጥኖች ረድፍ ይተካል። ግዕዝ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ስለሆነ ችግሩ የፊደሉ ሳይሆን የፎንቱ ነው፤ ኒያላ፣ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ኮምፒውተሩ ላይ ተጭኖ በስሙ ሲመረጥ ሳጥኖቹ ይጠፋሉ። የቆዩት፣ ዩኒኮድን የማይከተሉ የአማርኛ ፎንቶች ግን ለግራፍ አይመከሩም፤ ፋይሉ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ጽሑፉ ትርጉም ወደሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ይለወጣል።

መጠኑም ይታሰብበት። ግዕዝ ዋናና ትንሽ ፊደል ስለሌለው ርዕስን ለማጉላት የቀረው ድምቀትና መጠን ነው። ፊደሎቹን የሚለያዩት ደቃቅ ቅጥያዎች በመሆናቸውም ለላቲን የሚበቃው የጽሑፍ መጠን ለአማርኛ ያንሳል፤ ሲያንስ «ሉ» እና «ሊ» ይምታታሉ። ግራፉን በሚታተምበት ስፋት በወረቀት አውጥቶ ማየት ከስክሪን ይልቅ ይህን ያሳያል።

ከግራፉ ሥር በትንሹ የሚጻፈው የምንጭ መስመር ነው፤ «የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ» ይበል። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የተቋቋመው ከቆጠራው በኋላ ስለሆነ፣ «በቆጠራው ጊዜ በነበረው የአሥር ክፍለ ከተሞች ክፍፍል» የሚል ሐረግ አብሮ ካልሰፈረ የዛሬ አንባቢ አሥራ አንደኛውን ባር ይፈልጋል።