የጠፋ ዲስክን ከመዝገብ ስለ መሰረዝ

የኢሜይል ሰርቨር ከዲስኮቹ አንዱ በድንገት ሲበላሽበት፣ ኀላፊው ብዙ ጊዜ የጠፋውን ዲስክ ከመዝገብ ሰርዞ ሥራውን ቶሎ ለማስጀመር ይቸኵላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስረዛው ምን እንደሚሠራና ስለ ምን የመጨረሻው እርምጃ መሆን እንደሚገባው ማስረዳት ነው።

በሊኑክስ ውስጥ ኤልቪኤም የሚባለው ሥርዐት፣ ይኸውም ሀይንዝ ማውልስሀገን በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ብዙ ዲስኮችን በአንድ ማኅበር ያስተባብራል። ዲስኮቹን በተለመደው ልክ በአራት በአራት ሜጋባይት ይከፍልና ከክፍልፋዮቹ ቮልዩም የሚባለውን ማከማቻ ያበጃል። የትኛው ክፍልፋይ የት እንዳለ የሚነግረው መዝገቡ ነው። በጣና ገዳማት የሚገኘው የብራና መጽሐፍም እንዲሁ ከብዙ ጥራዞች የተሰፋ ነው፤ አንድ ጥራዝ ቢጠፋ የቀሩትን አጥብቆ መስፋት ይቻላል፤ የጠፋው ንባብ ግን በስፌት አይመለስም።

«ቪጂሪዲውስ» የተባለው ትእዛዝ «ሪሙቭሚሲንግ» ከሚለው አማራጭ ጋራ ሲሰጥ የጠፋውን ዲስክ ከመዝገቡ ያወጣል። በዲስኩ ላይ አንዳች ቮልዩም ካልነበረ ጉዳት የለውም። ሌላ ቅጂ የሌለው ቮልዩም በከፊል እንኳ በዚያ ዲስክ ላይ ከነበረ ግን ትእዛዙ ስረዛውን አይፈጽምም። በዚህ ጊዜ «ፎርስ» የሚለውን ማስገደጃ የጨመረ ሰው፣ የጐደለውን ክፍል ብቻ ሳይሆን ቮልዩሙን በሙሉ ከመዝገብ ያስፍቃል፤ በደኅናዎቹ ዲስኮች ላይ የቀረው ደብዳቤም መሪ ያጣል።

ስለዚህ አስቀድሞ ገመዱና የዲስኩ መሰኪያ ይመርመር። ዲስኩ ተመልሶ ከታየ «ቪጂኤክስቴንድ» «ሪስቶርሚሲንግ» ከሚለው አማራጭ ጋራ ወደ ማኅበሩ ይመልሰዋል። ካልተመለሰ የመዝገቡና የደኅናዎቹ ዲስኮች ግልባጭ ይወሰድ፤ ከዚያም ማኅበሩ በከፊል ተነሥቶ፣ ቮልዩሙ ለንባብ ብቻ ተከፍቶ፣ የሚገኘው ሁሉ ይውጣ። በሜይልዲር አቀማመጥ እያንዳንዱ ደብዳቤ ለብቻው ፋይል ስለ ሆነ ብዙዎቹ ሙሉ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ፤ በኤምቦክስ ግን ብዙ ደብዳቤ በአንድ ፋይል ተያይዞ ስለሚቀመጥ የማውጣቱ ሥራ ይከብዳል። ስረዛው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሰውን የሚያስቸኵለው አዲስ ደብዳቤ እንዳይጠፋ መስጋቱ ነው። ሆኖም በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 5321 የተባለው የኢሜይል መላላኪያ ደንብ፣ ላኪው ሰርቨር ተስፋ ከመቍረጡ በፊት ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን ደጋግሞ መሞከር እንደሚገባው ይናገራል። በሹም አቦ ያለ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ሰኞ ጧት ቢቆም፣ ከአዲስ አበባ የተላከለት ደብዳቤ በላኪው ሰርቨር ወረፋ ይዞ እስከ ዐርብ ሊጠብቀው ይችላል። እሑድ የደረሰው ግን ሌላ ቅጂ ካልተቀመጠለት በቀር ያለው በዚያው በተጐዳው ማኅበር ውስጥ ብቻ ነው። ገና የሚመጣውን ለመቀበል ተብሎ በእጅ ያለውን ማጥፋት አይገባም።