የመብራቱ ባለቤት ማን ነው?

ባለፈው ጥር ወር ሲያትል ከተማ፣ ሬይኒየር ሸለቆ ውስጥ የሚኖሩ አንዲት የማውቃቸውን እናት ልጠይቅ ሄድኩ። ሰዓቱ ከቀኑ አሥራ አንድ ተኩል ነበር፤ በዚህ አገር የጥር አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ማለት ድፍን ጨለማ ነው። በሩን ሲከፍቱልኝ ቤቱ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ በቀር የሚበራ ነገር የለም።

"እማማ፣ መብራት ጠፋ እንዴ?" አልኳቸው።

"ኧረ አልጠፋም ልጄ፣ አጥፍቼው ነው። ቢሉ በዛብኝ። እንጀራም ከጋገርኩ ወር አለፈኝ፤ ምጣዱ ይበላል ብለው ነግረውኝ ከሱቅ እየገዛሁ ነው።"

ጋቢያቸውን ደርበው ተቀመጡ። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው በግድግዳው ሥር በተጋደመው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላይ ነበር። በላዩ ያለው መስኮት ባለ አንድ መስታወት ነው፤ ነፋስ እንዳያስገባ ጠርዙን በአሮጌ ነጠላ ወትፈውታል። ማሞቂያው ከጠዋት ጀምሮ ይነዳል፤ ሙቀቱ ደግሞ በመስኮቱ ወደ ውጭ ይሄዳል።

እስቲ አብረን እናስላው። እዚህ አገር የምንጋግርበት ምጣድ 1,500 ዋት ያህል ይስባል። በሁለት ሳምንት አንዴ ሦስት ሰዓት ቢጋገርበት በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፖል በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ያው 1,500 ዋት የሚስበው ማሞቂያ ግን በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ በወር 360 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ምጣዱን አርባ እጥፍ ማለት ነው። እኚህ እናት በጨለማ ተቀምጠው፣ እንጀራቸውን ከሱቅ እየገዙ የሚቆጥቡት ሳንቲም ነው፤ ዶላሩ በመስኮት ይወጣል።

ጠረጴዛቸው ላይ ያልተከፈቱ ፖስታዎች ተቆልለው ነበር። አንዱን ስከፍተው በብዙ ቋንቋ የተጻፈ፣ አማርኛም ያለበት ወረቀት ወጣ፤ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ደንበኞች የመብራትና የውሃ ቢል ቅናሽ እንዳለ የሚናገር። እኚህ እናት እዚያ ቤት ስድስት ዓመት ኖረዋል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳይቀነስላቸው ከፍለዋል። ጥፋቱን በማንም ላይ አላላክክም፤ እንዲህ ያለውን ወረቀት እኔም ቤቴ ሲመጣ ማስታወቂያ እየመሰለኝ ስንቴ እንደጣልኩት አላውቅም። በአማርኛ የተጻፈውን አማርኛ አንባቢው ሲጥለው ምን ይባላል?

ውድ አንባብያን፣ "ይህ ሰው የአገሩን ጉዳይ ትቶ አምፖል ሊቆጥር ገባ" እንደምትሉ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ፤ ነገሩ ከአምፖል በላይ ነው።

ሲያትል ሲቲ ላይት የሚባለው የመብራት ድርጅት የግል ኩባንያ አይደለም። አክሲዮን አይሸጥም፤ ትርፍ የሚከፋፈል ባለሀብትም የለውም። የከተማው ንብረት ነው። ሥራ አስኪያጁን ከንቲባው ይሾማል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል፤ ታሪፉንም የሚወስነው ሕዝብ የመረጠው ይኸው ምክር ቤት ነው። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። በዚያ ዓመት የከተማዋ መራጮች በሲዳር ወንዝ ላይ የውሃ ኃይል ማመንጫ እንዲሠራ የ590 ሺህ ዶላር ቦንድ በድምፃቸው አጸደቁ። ከዚያ በኋላ የከተማው ድርጅትና የግሉ ኩባንያ በአንድ መንገድ ላይ ምሰሶ ለምሰሶ እየተፎካከሩ ኖሩ፤ የግሉን የከተማ ውስጥ ንብረት ከተማው ገዝቶ የጠቀለለው በ1951 ነው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኔ ትልቁ የ1931ዱ ነው። ጄ. ዲ. ሮስ የሚባል ሰው ሲቲ ላይትን ከ1911 ጀምሮ ይመራ ነበር። በስካጂት ወንዝ ላይ ዛሬም ድረስ ከተማዋን የሚያበሩትን ግድቦች የጀመረ ሰው ነው። በመጋቢት 1931 ከንቲባው ፍራንክ ኤድዋርድስ ከሥራ አባረረው። የሲያትል ሰው ምን አደረገ? ፊርማ አሰባሰበ፣ በሐምሌ ወር ድምፅ ሰጠ፣ ከንቲባውን ከሥልጣን አወረደው። ሮስም ወደ ቦታው ተመለሰ። አንድ የመብራት ኃይል ሥራ አስኪያጅ ያለ አግባብ ተነሣ ብሎ ሕዝብ ከንቲባ ያወረደበት አገር ነው የምንኖረው። በእኛ አገር አንድ ሥራ አስኪያጅ መነሣቱን የምንሰማው ተተኪው በዜና ሲጨብጥ ስናየው ነው።

ኃይል ቁጠባ ወደሚባለው ነገርም የተገባው በዚሁ በክርክር መንገድ ነው። በ1970ዎቹ የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የሕዝብ መብራት ድርጅቶች ተባብረው አምስት የኑክሌር ማመንጫዎች ለመሥራት ተነሡ። የፍላጎት ትንበያው ሽቅብ የሚወጣ መስመር ነበር፤ ካልገነባን ጨለማ ነው ተባለ። ሲያትልም በ4ኛውና በ5ኛው ማመንጫ ድርሻ እንድትገዛ ተጠየቀች። ከተማዋ ግን ቸኩላ አልፈረመችም። "ኢነርጂ 1990" የተባለ ጥናት አስጠናች፣ ነዋሪዎች ያሉበት ኮሚቴ ትንበያውን መረመረው፤ በአደባባይ ክርክር ተደረገ። ጥናቱ ያሳየው ነገር ቀላል ነበር፤ ጣራና ግድግዳን ከብርድ በመከላከል፣ የተሻለ ዕቃ በመጠቀም የሚተርፈው ኪሎዋት ሰዓት ከአዲስ ማመንጫ ከሚገኘው ይረክሳል። በ1976 ምክር ቤቱ ድርሻ አንገዛም አለ። በማግስቱ ዓመት የቁጠባ ፕሮግራሙ ተጀመረ።

የፈረሙት 88 የሕዝብ መብራት ድርጅቶች ምን ደረሰባቸው? ወጪው ናረ፣ ሁለቱ ማመንጫዎች በጅምር ቀሩ፤ በ1983 የ2.25 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ሳይከፈል ቀረ። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የከተሞችና የሕዝብ ድርጅቶች ቦንድ ታሪክ ትልቁ ክስረት ነበር። ከአምስቱም ተጠናቆ ኃይል ያመነጨው አንዱ ብቻ ነው።

ሲቲ ላይትን ቅዱስ ለማድረግ አይደለም። በ2000 እና በ2001 ድርቅ ሲመታና የካሊፎርኒያ የኃይል ገበያ ሲቃወስ ውድ ኃይል በብድር ገዝቶ ታሪፉን ከግማሽ በላይ ጨምሯል። በ2005 የጋዝ ልቀቴን ዜሮ አድርጌያለሁ ብሎ ሲያስታውቅ፣ የዜሮው አንድ ክፍል ሌላ ቦታ ከተገዛ የልቀት ማካካሻ የመጣ ነው። በ2021 ደግሞ ሳውክ ሱያትል የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ግድቡ የሳልሞንን መንገድ ዘግቷል፤ "አረንጓዴ ነን" የምትሉት እኛ በከፈልነው ነው ብለው ፍርድ ቤት አቁመውታል። ውሃ ሲገደብ ከታች ያለው ሰው ጥያቄ እንዳለው እኛ ኢትዮጵያውያን ልንነግራቸው እንችል ነበር።

ዛሬ ለደንበኛው ያለው ነገር ብዙ ዓይነት ነው። የቢል ቅናሹ፣ ገቢያቸው ከክፍለ ግዛቱ መካከለኛ ገቢ 70 በመቶ ለማይበልጥ ቤተሰቦች ከመብራቱ 60 በመቶ ሲቀንስ ለብዙ ዓመታት ኖሯል። የከተማው የቤቶች ቢሮ "ሆምዋይዝ" በሚለው ፕሮግራሙ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች ቤት ጣራና ግድግዳ ያለብሳል፣ የንፋስ ቀዳዳ ይደፍናል። አቅም ያለው ደንበኛ "ግሪን አፕ" በሚባለው በየወሩ ጥቂት ጨምሮ ለነፋስና ለፀሐይ ኃይል ሲያዋጣ ኖሯል። የራሱ ጣራ የሌለው ሰው ደግሞ ቢከን ሂል ላይ በጄፈርሰን ፓርክ እንደተሠራው ባለ የጋራ ፀሐይ ፕሮጀክት ድርሻ ገዝቶ ከቢሉ ይታሰብለት ነበር። ከበስተ ጀርባው ሕግ አለ። በ2006 የክፍለ ግዛቱ መራጮች ያጸደቁት ሕግ ትልልቅ የመብራት ድርጅቶች ከአዲስ ኃይል የሚረክሰውን ቁጠባ ሁሉ እንዲሠሩ ያስገድዳል። የ2019ኙ ሕግ ደግሞ በ2045 ኃይሉ ሁሉ ንጹሕ እንዲሆን ያዛል፤ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውንም እንዲረዱ ግዴታ ጥሏል።

ችግሩ ያለው መስኮቱ ላይ ነው። አምፖሉን ተከራይ ይቀይራል፤ መስኮቱን የሚቀይረው ግን የሕንጻው ባለቤት ነው፤ ቢሉን የሚከፍለው ደግሞ እሱ አይደለም። ስለዚህ ለምን ይቸኩላል? የእኛ ሰው አብዛኛው ተከራይ በመሆኑ ይህን ማንሳት የእኛ ፋንታ ነበር። ከ2010 ጀምሮ ዘጠኝ አባላት ያሉት የደንበኞች መርማሪ ቡድን አለ፤ ከዘጠኙ አንዱ ወንበር ለዝቅተኛ ገቢ ደንበኞች ጠበቃ የተመደበ ነው። በምክር ቤቱ ስብሰባ ማንም ሰው ዜግነቱ ሳይጠየቅ ስሙን አስመዝግቦ ሁለት ደቂቃ መናገር ይችላል። እኛ ግን አዳራሽ ተከራይተን ስለ አራት ኪሎ ስድስት ሰዓት እንከራከራለን፤ ቢላችንን ወደሚወስነው አዳራሽ ሁለት ደቂቃ ለመናገር አንሄድም። ራሴን ጨምሬ ነው የምናገረው።

ዕድሉ ደግሞ እየጠበበ ነው። ኪራይ የገፋው ወገናችን ወደ ደቡብ፣ ወደ ኬንት ሄዷል። ኬንት የሚያበራው ፑጄት ሳውንድ ኢነርጂ የግል ኩባንያ ነው፤ በ2009 ማኳሪ በሚባል የአውስትራሊያ ድርጅት የሚመራ የባለሀብቶች ቡድን የገዛው። ታሪፉን የሚያጸድቁት ገዥው የሚሾማቸው ሦስት ኮሚሽነሮች ናቸው። እዚያም ቅናሽና የቁጠባ ፕሮግራም አለ፤ ግን ከንቲባ የሚያወርድ ድምፅ የለም። የወገናችን የቤት ዕቃ በመኪና ተጭኖ ሃያ ማይል ሲሄድ፣ በመብራቱ ላይ የነበረው ባለቤትነት ወደ ኋላ እንደቀረ ልብ ያለው ስንቱ ነው?

አሁን ወደ አገር ቤት ልመለስ። በ2009 አዲስ አበባ በፈረቃ ስትበራና ስትጠፋ፣ መንግሥት ቆጣቢ አምፖል ማደል ጀመረ፤ በተከታዮቹ ዓመታትም በሚሊዮን የሚቆጠር አምፖል በአሮጌው ምትክ ለሕዝብ ተሰጠ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ሥራ ነበር፤ ኢሕአዴግ ስለሠራው ብቻ መጥፎ አልለውም። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ያለ ጨረታ የተሰጠው ግልገል ጊቤ ሁለት በጥር 2010 ተመርቆ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ዋሻው ተደረመሰ። ሲያትል በ1976 ያደረገችውን ዓይነት ክርክር ማን አደረገ? ትንበያውን የመረመረ የነዋሪዎች ኮሚቴ የት ነበር? ሕዝቡ የተጠየቀው አምፖል እንዲቀይር ነው፤ ሐሳቡን አልነበረም።

ዛሬም ያው ነው። የአባይ ግድብ በመስከረም 2025 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት። አስተማሪውም ዘበኛውም የወር ደመወዙን አዋጥቶበታል። ቦንድ የገዛም ያልገዛም ሁላችንም በልባችን ደስ ብሎናል፤ አልዋሽም። ነገር ግን ያ አዋጪ አስተማሪ ከ2024 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ለአራት ዓመት እንዲጨምር በተወሰነው ታሪፍ ላይ ሁለት ደቂቃ የሚናገርበት አዳራሽ የለውም። ኃይሉ በዶላር ለቢትኮይን ማምረቻዎች እንዲሸጥ ሲወሰንም፣ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ገና በኩራዝና በእንጨት እያለ፣ የጠየቀው የለም። ከሦስት ኪሎዋት በላይ የሚስበውን የአገር ቤት ምጣድ ያሻሻለ ሰው ስንት ማመንጫ እንደሚያተርፍ ያሰበስ አለ?

ወደ እናቲቱ ልመለስ። የቅናሹን ቅጽ አምጥቼ አብረን ልንሞላ ተቀመጥን። ስማቸውን፣ አድራሻቸውን ጻፍኩ። የቤተሰብ ብዛትና ገቢ የሚለው ጋ ስደርስ እጄን ያዙኝ።

"ይሄን የሚያየው ማን ነው?"

"የመብራቱ መሥሪያ ቤት ነው እማማ።"

"መንግሥት ነው በለኛ!" ብዕሩን ከእጄ ወሰዱ። "እኔ ቅጽ ሞልቼ የመጣልኝ ጥሩ ነገር የለም። አንዴ በቀበሌ ቅጽ ሞልቼ ልጄን ወሰዱብኝ።"

ምን ልበላቸው? የ1931ን ታሪክ ነገርኳቸው፤ ከንቲባው እንዴት እንደወረደ። በጥሞና ሰሙኝ። ሲያልቅ፣ "ስለ መብራት ብለው ነው?" ብለው ሳቁ። ቅጹን ግን የዚያን ቀን አልፈረሙም። በሦስተኛው ሳምንት ደውለው አስጠሩኝ፤ ስሄድ መብራቱ በርቷል፣ ቤቱ እንጀራ እንጀራ ይሸታል፣ ቅጹ ጠረጴዛው ላይ በእጃቸው ጽሑፍ ተሞልቶ ተቀምጧል። ገቢ የሚለው ቦታ ብቻ ባዶ ነው። "እሱን አንተ ጻፈው" አሉኝ። መስኮቱ ላይ ያለው ነጠላ እንዳለ ነው።