የገበጣና የሰንጠረዥ ዕቃዎች፦ ከጎጃም ደጋ እስከ ቤተ መንግሥት

ገበጣ ለመጫወት ገበያ መውጣት አያስፈልግም። በጎጃም ደጋ ከብት የሚጠብቅ ልጅ መሬቱን በጣቱ ጎድጎድ ጎድጎድ ያደርጋል፣ ጠጠር ይለቅማል፣ ጓደኛውን ይጠራል፤ ጨዋታው ተጀመረ ማለት ነው። በቅኔ ትምህርቱና በሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» የምናውቀው ዲማ ጊዮርጊስም የሚገኘው በዚሁ አገር ነው። የጨዋታ ዕቃ ታሪክ ለሚፈልግ ሰው ግን መሬት ክፉ መዝገብ ቤት ነው፤ አንድ ክረምት ዘንቦ ጉድጓዱን ይደፍነዋል።

ዶሚኖ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። ጨዋታው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ውስጥ ከታየ በኋላ በአውሮፓ ተስፋፋ፤ የአውሮፓው ዓይነት 28 ቁራጮች አሉት። በናፖሊዮን ጦርነቶች ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ኖርማን ክሮስ በሚባል ካምፕ የታሰሩ ፈረንሳውያን ከምግባቸው የተረፈውን አጥንት እየጠረቡ ዶሚኖ ይሠሩና ይሸጡ ነበር። አጥንት ቶሎ አይበሰብስምና የእጃቸው ሥራ ዛሬም በሙዚየም ይታያል።

የገበጣ ዕንጨት ዕጣ ከዚህ ይለያል፤ ዕንጨት ይበሰብሳል። «ላም ወለደች» የሚባለው ዓይነት በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓድ አለው፤ በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር ሲገባ 48 ይሆናል። ባለ ሦስት ረድፉ 18 ጉድጓድ አለው። ኤርትራ ውስጥ በመጠራና በትግራይ የሓ የተገኙ ስብርባሪ ገበጣዎች በ6ኛውና በ7ኛው ክፍለ ዘመን እንደተሠሩ ይገመታል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ የገበጣ አጨዋወቶችን መዝግቧል። አንድ አገር ይህን ያህል ስሌት በቃል ይዞ መኖሩ ያስደንቃል፤ ያሳስባልም፤ በቃል ያለ ነገር ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና። አሮጌ ገበጣ የሚመረምር ሰው ጌጡን ትቶ ጉድጓዱን ይይ። ብዙ እጅ የገባበት ጉድጓድ ከንፈሩ ልሙጥ ነው፤ ለጎብኚ መሸጫ የተቀረጸው ሹል ሆኖ ይቀራል።

ሰንጠረዥ የተባለው የቆየው የኢትዮጵያ ቼዝ ደግሞ የመኳንንት ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። ገበታው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ነበር፤ በጥቁር ወይም በሰማያዊ መሥመር 64 ቤት ይከፈል ነበር፤ ነጭና ጥቁር የተፈራረቀበት ቤት አልነበረውም። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ የተባሉ ጠጠሮች ይሰለፉበት ነበር። ጨዋታው በወረራ ይጀምር ነበር። ተራ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም እንዳሻቸው ይገሰግሱ ነበር፣ አንዱ የሌላውን ሰልፍ እያየ ያፈርስና ያስተካክል ነበር። ከዚያ በኋላ ነበር ተራ የሚመጣው። በፈረስ ወይም በደር ማት ማለት የሚያኮራ አልነበረም፤ ጎበዝ የሚባለው በደካማው ጠጠር የጨረሰ ነበር። ከሕንድና ከፋርስ በመጣው ጨዋታ ላይ ኢትዮጵያውያን የጨመሩት መልክ ከሁሉ ይልቅ በዚህ ወረራና በዚህ የክብር ሕግ ይታያል።

እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ አይቷል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ሸካራ ነበሩ። የባላጋራን ጠጠር የሚበላ ሰው በኃይል መትቶ ያነሣው ነበር። በዙሪያው የቆመው ሁሉ፣ ባሪያ እንኳ ሳይቀር፣ ጠጠሩን አንሥቶ «እንዲህ ቢሆን» እያለ ይመክር ነበር። የጠጠሩ ግዝፈት ከዚህ አጨዋወት ጋር ሲታይ የሠሪ ድክመት አይመስልም፤ ለሚመታና ለብዙ እጅ የተሠራ ዕቃ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የእንግሊዝ ቆንሲል ዋልተር ፕላውደን የሰንጠረዥን ሕግ በዝርዝር ጻፈ፤ ስለ ጨዋታው ወረራ የምናውቀው ብዙው ነገር የደረሰን በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ነው።

የመኳንንቱ አዳራሽ ከጣሊያን ወረራ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ ሰንጠረዡም አብሮ ከሰመ። ዛሬ በከተማ ወጣቱ የሚጫወተው ዓለም አቀፉን ቼዝና በቆርኪ የሚጫወቱትን ዳማ ነው። ገበጣ ግን እረኛና ሜዳ ስላልተለየው እስካሁን አልሞተም።

ስለዚህ በዲማም ሆነ በቢቸና፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በየገጠሩ፣ ከአያት የወረደ የገበጣ ዕንጨት በቤቱ ያለው ሰው ለጎብኚ ከመሸጡ በፊት አንድ ነገር ያድርግ፤ አዛውንቶቹን ቁጭ አድርጎ ያጫውታቸው፤ ስንት ጠጠር እንደሚገባ፣ ወዴት እንደሚዞር፣ መቼ እንደሚበላ ይጻፍ፤ ወረቀቱንም ከዕንጨቱ ጋር ያኑር።